ጸሎትና ቦርሳ ሰፊው

«ዞረሽ አትይ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቦርሳሽን ወደ ደረትሽ አዙሪና ዝም ብለሽ አጠገቤ ሂጂ።»

የጸሎት ልብ ቀጥ አለ። ቦታው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣው ዳገት ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከሥራ የሚወጣውና መንገድ ላይ የሚቸረችረው የሚጋፋበት አሥራ አንድ ሰዓት። የማታውቀው ወጣት ድንገት ጎኗ ገብቶ ነው እንዲህ የሚላት። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ካሜራና ሦስት ሌንስ አለ። አንዱም የእሷ አይደለም።

«አንተ ማነህ?» ልትለው ፈልጋ ነበር። እሱ ቀደማት።

«ሁለት ናቸው። አንዱ ቀይ ኮፍያ አድርጓል። ከድልድዩ ጀምሮ ከኋላሽ አልተለዩም። ይኸው ሱቄ ደርሰናል፤ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ሆነሽ ግቢ።»

ልትጮህ አሰበች። ሌባው ራሱ ይሄ ቢሆንስ? ግን ዓይኗ ከፊቷ ባለው የጫማ መደብር መስታወት ላይ ሲያርፍ ቀይ ኮፍያውን አየችው። ሦስት እርምጃ ያህል ነው የቀረው። ገባች።

ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆምበት ትከሻቸው ግድግዳ ይነካል። ከጣሪያው ላይ የተማሪ ቦርሳዎች ተንጠልጥለዋል፤ ጥግ ላይ አሮጌ የስፌት መኪና ተቀምጧል። ወጣቱ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ቦርሳ አወረደና «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ዚፑን እዪው» እያለ ጮክ ብሎ መሸጥ ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች ደጁ ላይ ደረሱ። ባለቀይ ኮፍያው ወደ ውስጥ አየ፤ ዓይኑን ወጣቱ ላይ ትንሽ አቆየና ፈገግ አለ። ከዚያ አለፉ።

ጸሎት ቦርሳዋን ታቅፋ ግድግዳውን ተደገፈች። ወጣቱ በርጩማ ሳበላትና ውኃ ሰጣት። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው።

«ሚናስ እባላለሁ» አለ። «አይዞሽ፤ ሄደዋል።»

«እንዴት አወቅክ? እኔ እኮ ምንም አላየሁም።»

ሚናስ ቦርሳዋን አየው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የካሜራው ኩባንያ ስም በትልልቅ ነጭ ፊደል የተጻፈበት ነው።

«ይሄ ቦርሳ እኮ ‹ውሰዱኝ› እያለ ነው የሚጮኸው» አላት።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ጠበብ ይላሉ፤ ጸሎት ይህንን አየችና ቶሎ ብላ ወደ ብርጭቆዋ አቀረቀረች።

ጸሎት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አፍንጮ በር ከእናቷ ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር ትኖራለች፤ የምትሠራው ፒያሳ፣ ጋሽ ገብረዮሐንስ ፎቶ ቤት ነው። ጋሽ ገብረዮሐንስ አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሙሽራና ተመራቂ ያነሱ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ማንሳቱን ለእሷ ትተው እሳቸው ከባንኮኒው ኋላ ደንበኛ ያጫውታሉ። ሁለቱ ካሜራዎች የፎቶ ቤቱ እስትንፋስ ናቸው። እነሱ ከጠፉ በሩ ይዘጋል። ይህንን ማንም አልነገራትም፤ ግን ታውቃለች።

ናይሮቢ ላይ ለሚሰጥ የዐሥር ቀን የፎቶግራፍ ሥልጠና ተመርጣ ነበር። ደብዳቤው ሲደርሳት ጋሽ ገብረዮሐንስ «ዕቃዎቹን ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶ እጅሽን ሄደሽ ምን ልትማሪ ነው?» አሏት። አመሰገነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣች።

ከሁለት ዓመት በፊት ታክሲ ስትሳፈር የራሷን የመጀመሪያ ካሜራ ከትከሻዋ ላይ መንጭቀው ወስደውባታል። ከዚያ ወዲህ ከኋላዋ የሚሮጥ እግር ስትሰማ ሰውነቷ ይኮማተራል። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠውን ሰው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። በአገሯ እንዲህ የሆነች ልጅ፣ ቋንቋውን በማታውቀው ከተማ ምን ልትሆን ነው?

ይህንን ሁሉ ለሚናስ ነገረችው። ለምን እንደነገረችው ለራሷም ገረማት።

እስክትጨርስ ሰማት። «መቼ ነው የምትሄጂው?»

«እሑድ።»

«እንግዲያው ቦርሳ ልስፋልሽ። የሚያምር እንዳይመስልሽ ግን። ፋራ የሆነ ቦርሳ ነው የምሰፋልሽ፤ ሽንኩርት ገዝታ የምትመለስ የሚያስመስልሽ።»

«ሙድ እየያዝክብኝ ነው?»

«በፍጹም። በሕይወቴ እንዲህ የምሬን ተናግሬ አላውቅም።»

ከማግስቱ ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ በሱቁ በኩል ማለፍ ጀመረች። ሚናስ ቡናማ ሸራ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

«ሲያጋፉሽ ያጋፋሽን ሰው አትይ» ይላታል። «የእሱ ሥራ አንቺን ማናደድ ነው። እጁን የሚልከው ሌላኛው ነው፤ በሌላኛው በኩል።»

«እሺ።»

«ካፌ ስትቀመጪ እግርሽን ማንገቻው ውስጥ አስገቢ። ካሜራው ላይ ያለውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፍኚው። ማታ ማታ ፎቶውን ሌላ ቦታ ገልብጪና ሚሞሪ ካርዱን ከካሜራው አርቀሽ አስቀምጪ። ካሜራ ቢጠፋ ይገዛል፤ ያነሳሽው ፎቶ ግን አይገዛም።»

«ቀስ በል፣ አልደረስኩብህም።»

«ፈተና አለው እንዴ?» ይላትና ይስቃል።

ረቡዕ ዕለት የማንገቻውን ልክ ሊወስድ ተነሳ። ሸራውን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ወገቧ ዘንድ ሲያደርስ እጁ ቆመ። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ፤ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማት።

«ይጠር?» አላት።

«እ?»

«ማንገቻው።»

«አዎ... አይ፣ ይሁን፣ ደህና ነው።»

ፊቷ ሲግል ተሰማት። ነገሩን ለማስቀየር ብላ «ይሄን ሁሉ ማን አስተማረህ?» አለችው። ሚናስ ወደ ስፌት መኪናው ተመልሶ ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ቀረ።

«ፒያሳ ነው ያደግኩት» አለ፣ ሳያያት። መስፋቱን ቀጠለ።

ሐሙስ ዕለት ስፖንጁን በየሌንሱ ልክ መቁረጥ እንዳለበትና ዕቃው እሱ ጋ ቢያድር እንደሚሻል ነገራት። ወዲያው ደግሞ «ካልሆነልሽ ግድ የለም፤ ልኩን ወስጄ በግምት እሠራዋለሁ» አለ። ጸሎት ለረጅም ጊዜ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም አላመነችም፤ ደክሟት ነበር።

«ይደር» አለችው።

ባዶ እጇን ወደ አፍንጮ በር ስትሄድ ትከሻዋ ቀለላት። ፈርታለች፤ ግን ደስ ብሏታል።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ገብረዮሐንስ «ዕቃዎቹስ?» አሏት።

«ቦርሳ ሰፊው ጋ ናቸው። ሚናስ የሚባል ልጅ ነው፤ ጥሩ አድርጎ እየሰፋልኝ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «የትኛው ሚናስ? ከጫማ መደብሩ አጠገብ ያለው?»

«አዎ፤ ያውቁታል?»

«ልጄ፣ እሱ እኮ ኪስ አውላቂ ነበር። ድልድዩ አካባቢ የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ታስሮ ነው የወጣው። አሁን ትቶታል ይላሉ። እኔ እንጃ።»

ጸሎት ስትሮጥ ነበር ራሷን ያገኘችው። እየሮጠች ያለፉት ቀናት ሁሉ መልካቸውን ቀየሩባት። ባለቀይ ኮፍያው ሚናስን አይቶ ፈገግ ያለው ለምን ነበር? «ዞረሽ አትይ» ያላት እንዳትነቃባቸው ይሆን? ሦስቱም አንድ ላይ ቢሆኑስ? እንዴት ሞኝ ሆነች! ምክሩን በደብተር ትጽፍ ነበር፤ ሌባው ራሱ እያጻፋት!

የሱቁ በር ተዘግቷል።

ቆርቆሮውን በመዳፏ ደበደበችው። ስልኩን ሞከረች፤ ዝግ ነው። ጎረቤት ካለው ሱቅ አንዲት ሴት ብቅ ብላ «ዛሬስ ምን ነካው? ሁልጊዜ በሁለት ሰዓት ይከፍት ነበር» አለቻት። ጸሎት እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ ገብረዮሐንስ በባዶው ባንኮኒ ኋላ ተቀምጠው ታዩዋት። ፖሊስ ጋ ልሂድ? ሄጄ ምን ልበል? በገዛ እጄ ሰጠሁት ልበል?

ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ሚናስ በዳገቱ በኩል መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ደረቱ ላይ ቡናማ፣ ጎባጣ፣ የሚያስጠላ ቦርሳ ታቅፏል።

«ጸሎት? ምን ሆነሽ?»

ቦርሳውን ከእጁ ነጠቀችው። ደረጃው ላይ ተንበርክካ ከፈተችው። አንድ ካሜራ። ሁለት ካሜራ። ሌንሶቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ሦስት። ደብተሯን አውጥታ በየዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር ለጉዞው ብላ ከጻፈችው ጋር እያመሳከረች አየች። ሁሉም አለ። ምንም አልጎደለም።

ያኔ ነው ቀና ያለችው። ሚናስ እንደቆመ ነበር፤ ሁሉንም አይቷል። በፊቱ ላይ ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር። ቁጣ አልነበረም።

«ነገሩሽ ማለት ነው» አለ።

ጸሎት ሌንሶቹን መልሳ መክተት ጀመረች።

«ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ‹ዛሬ› እያልኩ ፈራሁ። ባለቀይ ኮፍያውን አውቀዋለሁ፤ ድሮ አብረን ነበርን። ከሩቅ የለየሁት ለዚያ ነው። ሌላ የደበቅኩሽ ነገር የለም።»

ማመን ፈለገች። ፍርሃቷ ግን ገና አልለቀቃትም። ቦርሳውን አንገታ ሄደች።

«ጸሎት!» አላት ከኋላዋ። «ቦሌ ስትደርሺ ዕቃውን ጉምሩክ ጋ አስመዝግቢው። አለዚያ ስትመለሺ አዲስ ገዝተሽ የምታስገቢ ይመስላቸዋል።»

አልዞረችም።

እሑድ በረረች። ጉምሩክ ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር አስመዘገበች፤ ወረቀቱን ከፓስፖርቷ ጋር አድርጋ በልብሷ ውስጥ ያዘች። አውሮፕላኑ ውስጥ ቦርሳውን ከመቀመጫው ሥር እንድታደርግ ሲነግሯት እግሯን ማንገቻው ውስጥ አስገባች።

ናይሮቢ ላይ ሰዉ ሁሉ መልካም ሆነላት። አብረዋት የሚሠለጥኑት ልጆች መንገድ ያሳዩዋት ነበር፣ ይሸኟት ነበር። እሷ ግን ከፍርሃቷ ጋር ነበር የምትውለው። በየምሽቱ ካርዱን ከካሜራው ታርቃለች፤ በሩን ሁለቴ ትቆልፋለች፤ ከዚያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የሚናስን ፊት ታስታውሳለች፤ ያንን ቁጣ የሌለበትን ፊት።

በስድስተኛው ቀን አውቶቡስ ስትጠብቅ ዝናብ ጣለና ሕዝቡ አንድ ጣሪያ ሥር ተጨናነቀ። አንድ ጎልማሳ በግራዋ በኩል በኃይል ገጭቷት ጮኸባት። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት፣ ያጋፋሽን ሰው አትይ የሚለው ድምፅ መጣባት። ወደ ቀኝ ዞረች። ቀጭን እጅ ቦርሳዋ ላይ ነበር፤ በጣቶቹ መሃል የሚያብረቀርቅ ነገር ይዟል።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች፤ በአማርኛ። ቦርሳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ሰዉ ዞረ። ነጠላ ጫማ የምትሸጥ አንዲት ሴት ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት። ሁለቱ ሰዎች ዝናቡ ውስጥ ጠፉ።

ክፍሏ ገብታ በሩን ከቆለፈች በኋላ ነው ያየችው። ሸራው በምላጭ ስንዝር ያህል ተተልትሏል። ከሸራው ሥር ግን ጥቅጥቅ ያለ የወንፊት ሽቦ ተሰፍቶበታል፤ ምላጩ እዚያ ደርሶ ቆሟል። ሚናስ ሽቦ እንዳስገባበት አንድም ቀን አልነገራትም። እንዲያ ተንበርክካ ስትቆጥርበት እንኳ አልነገራትም።

ቀዳዳውን ፎቶ አንስታ ላከችለት። ምን ብላ እንደምትጽፍ ስላላወቀች ምንም አልጻፈችም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አጭር የድምፅ መልእክት መጣ። «እጅሽስ? እጅሽን አልቆረጠሽም?»

ስለ ካሜራው አንድም ቃል የለም። ጸሎት እጇን አየች። አንጓዋ ላይ ቀጭን ጭረት አለ፤ እስከዚያች ሰዓት አላስተዋለችውም። ያኔ አለቀሰች።

ዕቃው ሁሉ በደህና ተመለሰ። ጋሽ ገብረዮሐንስ የተተለተለውን ሸራ በጣታቸው ዳሰሱትና «ያስፈራሁሽ እኔ ነኝ» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ጸሎት በዚያው ወደ ሱቁ ሄደች።

ሚናስ መስፋቱን አቆመ፤ ግን አልተነሳም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው።

«ለምኑ? ብትቆጥሪ ልክ ነበርሽ።»

«መቁጠሬን አይደለም። አንተ ፊት መቁጠሬን ነው።»

ሚናስ የተቆረጠ ክር በጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። «ያን ቀን ለምን እንደዘገየሁ ልንገርሽ» አላት። «ካሜራውን አወጣሁት፣ ያዝኩት። የት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። እጄ አልረሳም፣ ጸሎት። ራሴን ፈራሁና መልሼ ከተትኩት። ደግሞ ሌላ ሰው ሱቁን ቢሰብረውስ አልኩ። ቢጠፋ ከእኔ ሌላ ሌባ የሚፈልግ የለም። እህቴ ቤት ወስጄ ታቅፌው አደርኩ፤ ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ይሄን ለምን ትነግረኛለህ?»

«ጻድቅ እንዳልመስልሽ። የምትወጂኝ ከሆነ እኔን ነው መውደድ ያለብሽ፤ ሌላ ሰው አይደለም።»

መውደድ የሚለው ቃል በመካከላቸው ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር። ጸሎት በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«እፈራለሁ» አለችው።

«እኔም።»

«እማዬ ስትሰማ ትፈራለች።»

«እሳቸውማ ይፍሩ፤ ይገባቸዋል።»

እጁን ያዘችው። ክሩ እንደተጠቀለለበት ነበር፤ መርፌ ያጠነከረው ጣቱ በእሷ መዳፍ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ለመልቀቅ አልቸኮሉም።

ወይዘሮ አልጋነሽ ሲሰሙ ሦስት ቀን አላናገሯትም። በአራተኛው ቀን «ምሳ ይምጣ፤ ልየው» አሉ። እሑድ ጠዋት ጸሎት ሶፋው ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጠውን የእናቷን የእጅ ቦርሳ ስታጣው ልቧ ተሰበረ።

ሚናስ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ አልጋነሽ ስለ ወላጆቹ፣ ስለሚሳለምበት ደብር ጠየቁት፤ እሱ አጭር አጭር መለሰ። የጸሎትን የናይሮቢ ፎቶዎች ሊያሳያቸው ስልኩን ሲዘረጋ ወይዘሮ አልጋነሽ «መነጽሬ...» ብለው ተነሱ። መነጽሩ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ወደ መኝታ ቤቱ ሄዱ፤ ቁልፍ ከጡታቸው ሥር አወጡ። ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር ሦስቱም ሰሙ።

ሚናስ እጆቹን አየ። ከዚያ በጉልበቶቹ መሃል ደበቃቸው።

ጸሎት ምድር ብትውጣት ወደደች። ከውስጥ ድምፅ የለም። ወይዘሮ አልጋነሽ ቆዩ፤ መነጽር ለማውጣት ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ቆዩ። ሲወጡ መነጽሩን ሳይሆን ቦርሳውን እንዳለ ይዘው ነበር። ዓይናቸው እርጥብ ነው። መጥተው ቦርሳውን የሚናስ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ዚፑ ከፋሲካ ወዲህ እምቢ ብሎኛል» አሉት። «መርካቶ ወስጄው ‹ይጣል› አሉኝ። እስቲ አንተ እየው።»

«እማማ... መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ያውጡት እንጂ።»

«ምን ያወጣዋል? እንዳለ ሥራው።» ይህንን ብለው ወጥ ሊያማስሉ ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ሚናስ ዚፑን ሊጎትት ሞከረ፤ አልሄደለትም። ጸሎት አጠገቡ ተቀምጣ በአንድ በኩል ያዘችለት። አላየችውም፤ ብታየው ሁለቱም እንደሚያለቅሱ ታውቃለች።

«ፒንሳ አላችሁ?» አለ በመጨረሻ።

ልትነሳ ስትል ከማድ ቤት የወይዘሮ አልጋነሽ ድምፅ መጣ።

«መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ ነው። አንቺ ተቀመጪ፤ እሱ ራሱ ገብቶ ያምጣ።»